የጋራ ኮምፒዩተር፣ የተለየ ቁልፍ፦ በሊነክስ በሚሠሩ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ላይ የዋይፋይ መዳረሻን ስለ መጠበቅ፤ ከአጣዬና ከይፋት ቆላ ሁኔታ አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ብዙ ተማሪዎች በየተራ የሚጠቀሙበት ኮምፒዩተር ከዋይፋይ ጋር የሚገናኝበትን የይለፍ ቃል በውስጡ ይይዛል። የይለፍ ቃሉ የትምህርት ቤቱ ምስጢር ነው፤ ምስጢሩ የተቀመጠበት ዕቃ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ እጆች የሚነኩት ነው። ይህ ጽሑፍ በሊነክስ ሥርዓተ ክወና በሚሠሩ የጋራ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ ተቃርኖ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በምን መንገዶች እንደሚፈታና ከመንገዶቹ የትኛው በሰሜን ሸዋ ዞን ለአጣዬና ለአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች እንደሚስማማ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበትና ዕቃ ከነምስጢሩ ሊጠፋ በሚችልበት ስፍራ፣ አንድን የጋራ ምስጢር በሁሉም ማሽኖች ላይ አጥብቆ ከመደበቅ ይልቅ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ቁልፍ ሰጥቶ የአንዱ ቁልፍ መጥፋት የሚያስከትለውን ጉዳት ማሳነስ ይሻላል።

1. መግቢያ

አጣዬ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ከሚሴና ወደ ደሴ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከተማዋ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በደረሰባት ጥቃት ከፍተኛ ውድመት ደርሶባታል፤ ብዙ ነዋሪዎቿም ተፈናቅለዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ክስተቶቹ በሌላ ገጽታቸው የሌሎች ጥናቶች ርእስ ናቸው። እዚህ የሚነሡት የኔትወርክ ንድፍን በቀጥታ ስለሚነኩ ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ አንድ ኮምፒዩተር ማንም ሳያስበው ከክፍሉ ሊወጣ እንደሚችል ያስታውሳል። ሁለተኛው፣ የተጠቃሚን ማንነት ለማረጋገጥ በሩቅ ባለ አገልግሎት ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ከኢንተርኔቱ ጋር አብሮ እንደሚቆም ያመለክታል።

ሊነክስ ለትምህርት ቤቶች ተመራጭ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ያገለገሉና በስጦታ የተገኙ ኮምፒዩተሮች ላይም ይሠራል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሮቹ ከተተከሉ በኋላ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ጉዳይ ብዙ ጊዜ በቸልታ ይታለፋል። አንድ ቃል ይመረጣል፤ በሁሉም ማሽኖች ላይ ይሞላል፤ ለመምህራንም ይነገራል። ከዚያ በኋላ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ከግቢው ይወጣል። በአጥሩ ዙሪያ ያሉ ስልኮች ውስኑን መስመር ሲሻሙት፣ መስመሩ የታሰበለት ተማሪ የሚፈልገው ገጽ ሳይከፈትለት ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ትምህርት ቤቱም የሚቀረው ምርጫ ዋይፋዩን መዝጋት ይሆናል። ስለዚህ የደካማ ጥበቃ ጉዳት በመረጃ ስርቆት ብቻ አይወሰንም፤ የመማር ዕድልንም ይዘጋል። የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የንድፍ ትንተና እንጂ የመስክ ልኬት ውጤት አይደለም። በምሳሌነት የሚጠቀሰው ባለ 20 ኮምፒዩተር ክፍልም ለስሌት እንዲመች የታሰበ ነው።

2. ከቀደሙ ተሞክሮዎች የሚገኝ ትምህርት

በኢትዮጵያ ሊነክስን በብዛት ወደ ትምህርት ቤት ካስገቡት ሙከራዎች አንዱ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ኤክስኦ የተባሉ ላፕቶፖች ወደ አገሪቱ ገብተዋል። ላፕቶፖቹ ፌዶራ በተባለው የሊነክስ ስርጭት ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ነበራቸው። የደኅንነት ንድፋቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ቢትፍሮስት በሚል ስም ይፋ የተደረገ ሲሆን፣ ከመርሖቹ አንዱ የመሣሪያው ደኅንነት ልጁ በሚያስታውሰው የይለፍ ቃል ላይ እንዳይመሠረት የሚያደርግ ነበር። በዚህም መሠረት ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት ለራሱ የተለየ የቁልፍ ጥንድ ያመነጫል። ማንነቱን የሚያረጋግጠው በዚያ ቁልፍ ነው። ለስርቆት መከላከያም ላፕቶፑ የመሥሪያ ፈቃዱን በየጊዜው እንዲያሳድስ፣ ካላሳደሰ እንዲቆለፍ የሚያደርግ አሠራር ታስቦ ነበር።

ሁለተኛው ተሞክሮ ከዚህ የተለየ ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች የሊነክስ ከርነል ባለው አንድሮይድ የሚሠሩ ታብሌቶችን ሰጥቶ ነበር። የፕሮጀክቱ መሪዎች በወቅቱ እንደ ገለጹት፣ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዳይቀየር የተቆለፈውን የመነሻ ገጽታ ለየራሳቸው አሳመሩ፤ እንዳይሠራ የተደረገውን ካሜራም ከፈቱ።

ከሁለቱ ተሞክሮዎች ሁለት ነጥቦች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ማንነትን ለመሣሪያው መስጠት የሚቻልና አስቀድሞም የታሰበበት መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ በልጅ እጅ ባለ መሣሪያ ላይ የተደረገ መቆለፊያ አንድ ቀን እንደሚከፈት አስቀድሞ መገመት ይገባል። መከፈቱ የልጁ ጉጉት ውጤት እንጂ የግድ የክፋት ምልክት አይደለም። የጋራ ኮምፒዩተር ከኤክስኦ የሚለየው ግን ባለቤት ስለሌለው ነው። ጠዋት የአንዱ፣ ከሰዓት የሌላው ነው። በዚህም ምክንያት ጥያቄው «ይህ ልጅ ማን ነው?» ከሚለው ይልቅ «ይህ ማሽን የትምህርት ቤቱ ነው ወይ?» የሚለው ይሆናል።

3. ቁልፉ የሚቀመጥበት ስፍራ

በአብዛኞቹ የሊነክስ ስርጭቶች የዋይፋይ ግንኙነትን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማናጀር የተባለው አገልግሎት ነው። ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር የሚደረገውን የማረጋገጫ ልውውጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደብልዩፒኤ ሳፕሊካንት የተባለው ፕሮግራም ያከናውነዋል። የይለፍ ቃሉ በሦስት መንገዶች ሊያዝ ይችላል። በመጀመሪያው መንገድ ቃሉ ለመላው ሥርዓት ይቀመጣል፤ ማንኛውም ተጠቃሚ ሳይገባ ጭምር ማሽኑ ይገናኛል። በሁለተኛው ቃሉ በአንድ ተጠቃሚ የቁልፍ ማኅደር ውስጥ ብቻ ይያዛል። በሦስተኛው ጨርሶ አይቀመጥም፤ በተገናኙ ቁጥር ይጠየቃል።

ለጋራ ኮምፒዩተር ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ አይስማሙም፤ ሁለቱም ቃሉን ለእያንዳንዱ ተማሪ መንገርን ይጠይቃሉና። ስለዚህ የመጀመሪያው መንገድ ተመራጭ ነው። በዚህ መንገድ ቃሉ የሚጻፍበት ፋይል ባለቤትነቱ የሥርዓቱ የበላይ ተጠቃሚ፣ ማለትም የ«ሩት» ነው። ሌላ ተጠቃሚ ሊያነበው አይችልም። ሆኖም በፋይሉ ውስጥ ቃሉ ያለ ምስጠራ፣ እንዳለ ተጽፎ ይገኛል። ጥበቃው የተመሠረተው በፋይሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ነው፤ በዚህም ሦስት በሮች ክፍት ሊሆኑ ይችላሉ።

የመጀመሪያው በር የቅንብር መስኮቱ ነው። የሥርዓቱን ግንኙነቶች የመለወጥ መብት ያለው ተጠቃሚ ፋይሉን ባይከፍትም ኔትወርክ ማናጀርን ቃሉን እንዲያሳየው ሊጠይቅ ይችላል። ይህን መብት የሚወስነው ፖልኪት የተባለው የፈቃድ አስተዳዳሪ ነው። በዴቢያንና ከእርሱ በተወለዱ ስርጭቶች መብቱ ከተወሰኑ የተጠቃሚ ቡድኖች አባልነት ጋር ይያያዛል። የተማሪዎች መለያ ሲከፈት ከአስተዳዳሪው መለያ ከተቀዳ፣ መብቱም ሳይታሰብ አብሮ ይቀዳል።

ሁለተኛው በር የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ነው። ለጥገና እንዲቀል ተብሎ ሁሉም ተማሪ በአንድ የአስተዳዳሪ መለያ የሚገባበት ክፍል ምንም ዓይነት ምስጢር ሊይዝ አይችልም።

ሦስተኛው በር ዲስኩ ነው። ማሽኑን በፍላሽ በተያዘ ሌላ ሊነክስ ማስነሣት፣ በማስነሻው ዝርዝር ላይ የጥገና ሁነታን መምረጥ ወይም ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሰካት የፋይል ፈቃዱን ዋጋ ያሳጣዋል። የፍላሹንና የጥገና ሁነታውን መንገድ በባዮስና በማስነሻ ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል መዝጋት ይቻላል። የዲስኩን መነቀል ግን የሚከላከለው የዲስክ ምስጠራ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሊታረም የሚገባው አንድ የተለመደ አስተሳሰብ አለ። አንዳንድ መመሪያዎች ቃሉን እንዳለ ከመጻፍ ይልቅ ከቃሉ የተሰላውን ባለ 64 ምልክት ቁልፍ እንዲጻፍ ይመክራሉ። ይህ ዋናውን ቃል ይደብቃል፤ ቃሉ በሌላ ቦታም ጥቅም ላይ የዋለ ከሆነ ይረዳል። ለዚያው ዋይፋይ ግን የተሰላው ቁልፍ ራሱ እንደ ይለፍ ቃል ያገለግላል። ቁልፉን የገለበጠ ሰው ቃሉን ሳያውቅ ይገናኛል።

4. የጋራ ቃል በአየር ላይ

ምስጢሩ ከማሽኑ ባይወጣም በአየር ላይ የሚገለጥበት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ደብልዩፒኤ2፣ በጋራ ቃል በሚሠራበት ጊዜ፣ ከቃሉና ከዋይፋዩ ስም 4,096 ጊዜ በተደጋገመ ስሌት ባለ 256 ቢት ቁልፍ ያወጣል። ማሽኑና አክሰስ ፖይንቱ ሲገናኙ በአራት መልእክቶች አንዳቸው ለሌላቸው ቁልፉን እንደሚያውቁ ያረጋግጣሉ። እነዚህን መልእክቶች የያዘ ታዛቢ ከኔትወርኩ ርቆ፣ በገዛ ኮምፒዩተሩ፣ የቃል ግምቶችን አንድ በአንድ መሞከር ይችላል።

የሙከራው ውጤት በቃሉ ጥንካሬ ይወሰናል። የስልክ ቁጥርን የይለፍ ቃል ማድረግ የተለመደ ስለሆነ በእርሱ ማስላት ይጠቅማል። በ09 የሚጀምር ባለ 10 አሃዝ የስልክ ቁጥር ያልታወቁ አሃዞቹ 8 ብቻ ናቸው፤ ይህም 100 ሚሊዮን አማራጭ ማለት ነው። በሰከንድ 100 ሺህ ሙከራ ቢደረግ፣ ይህም ለዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ ከባድ አይደለም፣ ሁሉም አማራጮች በ1,000 ሰከንድ ይጠናቀቃሉ፤ 17 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በ07 የሚጀምሩት ቢጨመሩ ጊዜው እጥፍ ይሆናል እንጂ ችግሩ አይለወጥም።

ቃሉ ጠንካራ ቢሆንም እንኳ ሌላ ጉድለት ይቀራል። የጋራውን ቃል የሚያውቅና የሌላውን ማሽን የመገናኛ መልእክቶች የያዘ ሰው፣ የዚያን ማሽን የዋይፋይ ምስጠራ ሊፈታ ይችላል። ድረ ገጾች በራሳቸው ምስጠራ የሚጠበቁ ቢሆንም፣ በትምህርት ቤቱ ውስጣዊ ሰርቨር ላይ ያሉ ገጾች ብዙውን ጊዜ ያን ጥበቃ አያገኙም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ደብልዩፒኤ3 ሁለቱንም ጉድለቶች ያርማል፤ ነገር ግን አሮጌ የዋይፋይ ካርዶች ላይደግፉት ይችላሉ።

የፕሮግራም እድሳትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ክራክ በሚል ስም ይፋ የሆነው የደብልዩፒኤ2 ጉድለት ይበልጥ የጎዳው ሊነክስንና አንድሮይድን ነበር፤ ምክንያቱም በደብልዩፒኤ ሳፕሊካንት 2.4ና ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞች ጥቃቱ ሁሉም ቢቶቹ ዜሮ የሆኑ ቁልፍ እስከ ማስተከል ይደርስ ነበር። ማረሚያው ወዲያው ቢወጣም ወደ ኢንተርኔት እምብዛም የማይገቡ ማሽኖች ሳይታደሱ ሊቆዩ ይችላሉ። አንድ ማሽን እድሳቱን አውርዶ ለሌሎቹ የሚያካፍልበት ውስጣዊ ማከማቻ ማዘጋጀት የኢንተርኔት ወጪንም ይቀንሳል፤ ይህን ክፍተትም ይሞላል።

5. ለየማሽኑ የተለየ ማንነት

የጋራ ቃልን ለመተው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው 802.1ኤክስ የተባለው ደረጃ ነው። በዚህ አሠራር አክሰስ ፖይንቱ ራሱ አይፈርድም፤ ጥያቄውን ሬዲየስ ወደተባለ ሰርቨር ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአውሮፓ የተጀመረውና ዛሬ በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት ኤዱሮም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ፍሪሬዲየስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ወይም በራስፕበሪ ፓይ ላይ ሊተከል ስለሚችል ወጪው ከባድ አይደለም።

በ802.1ኤክስ ውስጥም ምርጫ አለ። ተማሪው በራሱ ስምና የይለፍ ቃል እንዲገባ ማድረግ መጀመሪያ ሲታይ ትክክለኛ ይመስላል። በጋራ ማሽን ላይ ግን ማሽኑ ኔትወርኩን የሚያገኘው ተማሪው ከገባ በኋላ ስለሚሆን፣ የተማሪዎች መለያ በሰርቨር ላይ ያለ እንደሆነ መግባቱ ራሱ ይሰናከላል። የአንዱ ተማሪ ቃል ተቀምጦ ለሌላው እንዲያገለግል የመሆን ዕድልም አለ። በተጨማሪም ለዚህ አሠራር በብዛት የሚያገለግለው ኤምኤስቻፕ 2 የተባለው ስልት ከባድ ድክመት እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2012 በይፋ ታይቷል። ማሽኑ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ሳያጣራ ከተገናኘ፣ በተመሳሳይ ስም የቆመ ሐሰተኛ አክሰስ ፖይንት የተማሪውን ቃል ለመስበር የሚበቃ መረጃ ይሰበስባል። ኢኤፒ-ቲኤልኤስ የተባለው ስልት ግን ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን ዲጂታል ሰርተፍኬት ይሰጣል። ማሽን ሲጠፋ ሰርተፍኬቱ ይሻራል፤ ሌሎቹ አይነኩም።

ሁለተኛው መንገድ ያን ያህል አይታወቅም። በሊነክስ ላይ የተመሠረቱ አክሰስ ፖይንቶች ሆስትኤፒዲ በተባለው ፕሮግራም ይሠራሉ። ኦፐንደብልዩአርቲ የተጫነባቸው ራውተሮችም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ይህ ፕሮግራም በአንድ የዋይፋይ ስም ሥር ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ቁልፍ የሚመዘገብበትን ፋይል ያነባል። በፋይሉ ውስጥ ለአንድ ማሽን አንድ መስመር ይመደባል፤ በመስመሩ ላይ የማሽኑ የኔትወርክ ካርድ አድራሻና ቁልፉ ይጻፋሉ። ሰርቨርም ሰርተፍኬትም አያስፈልግም። ቁልፉን ሰው ማስታወስ ስለማይኖርበት በዘፈቀደ የተመረጠ ሙሉ ባለ 256 ቢት ቁልፍ መጠቀም ይቻላል፤ በክፍል 4 የተጠቀሰው የግምት ጥቃትም ትርጉም ያጣል። አንዱ ማሽን የሌላውን ቁልፍ ስለማያውቅ የሌላውን ልውውጥ ሊፈታ አይችልም። የካርድ አድራሻን ማስመሰል የሚቻል ቢሆንም፣ ያለ ቁልፉ አድራሻው ብቻውን አያስገባም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አንዳንድ የሊነክስ ስርጭቶች ለግላዊነት ሲባል የካርዱን አድራሻ በሌላ ተክተው ይገናኛሉ። በዚህ አሠራር ማሽኑ በቋሚ አድራሻው እንዲገናኝ በኔትወርክ ማናጀር ላይ መወሰን አለበት።

6. የኃይል መቋረጥና የሰዓት ጉዳይ

በወረቀት ላይ ሲመዘን ኢኤፒ-ቲኤልኤስ የተሻለው ነው። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ግን አንድ የተሰወረ ጥገኝነት አለው፤ እርሱም ሰዓት ነው። ሰርተፍኬት የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው። የማሽኑ ቀን ከዚህ ክልል ከወጣ ማረጋገጡ ይከሽፋል። በአሮጌ ኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ራስፕበሪ ፓይ ደግሞ እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ በውስጡ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የለውም። ትክክለኛው ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከኔትወርክ ነው፤ ኔትወርኩን ለማግኘት ሰርተፍኬቱ መጽናት አለበት፤ ሰርተፍኬቱ እንዲጸና ሰዓቱ መስተካከል አለበት። ማሽኑ በዚህ አዙሪት ውስጥ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ሌላ መንስኤም ይጨመራል። በባዮሱ ላይ ቀን የሚሞላው ሰው ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢያስገባ፣ ማሽኑ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ አዲስ የተሰጠውም ሰርተፍኬት «ገና ያልጀመረ» ይባላል። ሰዓቱም በአገርኛ አቆጣጠር ቢሞላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው ድርጊት በመዝገቡ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንደ ተፈጸመ ሆኖ ይመዘገባል። ይህ ስድስት ሰዓት የሚሆን ልዩነት ግንኙነቱን ላያቋርጥ ይችላል፤ የመዝገቡን ማስረጃነት ግን ያበላሻል።

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ሊነክስ ማሽኑ በመጨረሻ የሠራበትን ቀን በፋይል መዝግቦ ሲነሣ ከዚያ እንዲቀጥል የሚያደርጉ አገልግሎቶች አሉት። ደብልዩፒኤ ሳፕሊካንትም የቀን ማጣራቱን እንዲተው ሊታዘዝ ይችላል። ይሁንና ማጣራቱን መተው ጊዜው ያለፈበትን ሰርተፍኬት ሁሉ መቀበል ስለሆነ ከጥበቃው አንድ ክፍል ይቀንሳል። ለየማሽኑ የተለየ ቁልፍ የሚሰጠው ሁለተኛው መንገድ ግን ከሰዓት ጋር ግንኙነት የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩና ማሽኖቹ ያለ ማንም እርዳታ እንደገና ይገናኛሉ። ኢንተርኔት ባይኖርም ውስጣዊ ኔትወርኩ ይሠራል፤ በኪዊክስ የተቀመጠ ውክፔዲያና ሌላ የትምህርት ይዘት ለተማሪዎች መድረሱን ይቀጥላል።

የዲስክ ምስጠራም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት። ቲፒኤም የተባለው የቁልፍ መያዣ ቺፕ በሌለው አሮጌ ማሽን ላይ የተመሰጠረ ዲስክ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር የይለፍ ሐረግ ይጠይቃል። መብራት በቀን ሁለት ጊዜ ቢጠፋ፣ መምህሩ በባለ 20 ኮምፒዩተሩ ክፍል ውስጥ 40 ጊዜ ሐረግ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ብዙ አይቆይም፤ ሐረጉ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል ወይም ምስጠራው ይነሣል። በዲስኩ ላይ ያለው ቁልፍ የዚያ ማሽን ብቻ ሲሆን ግን፣ የዲስኩ መነቀል የሚያጋልጠው አንድ የሚሻር መስመር ነው፤ ለዋይፋዩ ሲባል ዲስኩን መመስጠርም የግድ አይሆንም።

7. ለይፋት ትምህርት ቤቶች የሚመች ቅደም ተከተል

ከላይ ከቀረበው ትንተና በመነሣት፣ አንድ የአይሲቲ መምህር ብቻ ላለው ትምህርት ቤት የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

ሀ. ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ኮምፒዩተሮች በተቻለ መጠን በኬብል ይገናኙ። በማሽኑ ላይ ያልተቀመጠ የዋይፋይ ቁልፍ ከማሽኑ ሊሰረቅ አይችልም። በዚህ ጊዜ ግን ማሽኑ በዋይፋይ ካርዱ ሆትስፖት ከፍቶ የኬብሉን ኢንተርኔት ለስልኮች እንዳያካፍል፣ የተማሪው የማካፈል ፈቃድ በፖልኪት ይከልከል ወይም ካርዱ ይዘጋ።

ለ. የተማሪዎች መለያ ከአስተዳዳሪው መለያ ይለይ፤ የአስተዳዳሪነትም ሆነ የኔትወርክ ቡድኖች አባል አይሁን። የሥርዓቱን ግንኙነት የመለወጥ መብት በፖልኪት ይነፈገው። ከዚያም በተማሪው መለያ ገብቶ ቃሉ በቅንብር መስኮቱ እንደማይታይ በተግባር ይረጋገጥ።

ሐ. ባዮሱና ማስነሻ ፕሮግራሙ በይለፍ ቃል ይዘጉ፤ ከፍላሽ መነሣት ይከልከል።

መ. በዋይፋይ ለሚገናኙ ማሽኖች ለየራሳቸው የዘፈቀደ ቁልፍ ይሰጥ። የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የካርዱ አድራሻና የተሰጠበት ቀን በመዝገብ ይያዙ፤ መዝገቡ ከኮምፒዩተር ክፍሉ ውጭ ይቀመጥ።

ሠ. የመምህራን ስልኮች በሌላ የዋይፋይ ስምና ከማሽኖቹ በተለየ ኔትወርክ ይገናኙ። የራውተሩ የራሱ የአስተዳዳሪ ቃልም ከፋብሪካው እንደ መጣ አይተው።

ረ. ማሽን ሲጠፋ ወይም ለጥገና ከግቢ ሲወጣ መስመሩ በዕለቱ ይሰረዝ።

የመጨረሻው ተራ የንድፉ መፈተኛ ነው። በባለ 20 ኮምፒዩተሩ ክፍል አንድ ማሽን ቢጠፋ፣ በጋራ ቃል የሚሠራ ትምህርት ቤት በቀሪዎቹ 19 ማሽኖችና በመምህራን ስልኮች ሁሉ ላይ ቃሉን መለወጥ ይኖርበታል። ለአንድ ማሽን 5 ደቂቃ ቢታሰብ ለ19ኙ ብቻ 95 ደቂቃ ይሆናል፤ ከሁለት ክፍለ ጊዜ የሚበልጥ ነው። ሥራው አድካሚ ስለሆነ ለነገ ይባላል፤ ነገም ይረሳል። ቁልፉ የተለየ ሲሆን ግን ሥራው አንድ መስመር መሰረዝና አክሰስ ፖይንቱ ዝርዝሩን እንደገና እንዲያነብ ማድረግ ነው። ግርግር በተነሣበትና ብዙ ዕቃ በአንድ ቀን በጠፋበት ጊዜም መዝገቡን የያዘ መምህር የትኞቹ ማሽኖች እንደ ቀሩ አይቶ የሌሎቹን መዳረሻ ሊዘጋ ይችላል።

8. የሕግና የግል መረጃ ገጽታ

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም ኔትወርክ መግባትን በወንጀል ይቆጥራል። ቁልፉን ሁሉም ሊያየው በሚችልበት ስፍራ የተወ ትምህርት ቤት ራሱን ብቻ አይደለም የሚያጋልጠው፤ ጉጉት ያለውን ተማሪም የሕግን መስመር ወደሚያልፍበት ሁኔታ ይገፋዋል። ስለዚህ ጥበቃው ለተማሪው የሚደረግ ጥበቃም ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሚሰበሰበው መረጃ ለተፈለገው ዓላማ በሚበቃው መጠን እንዲወሰን ይሻል። እያንዳንዱ ተማሪ በስሙ ወደ ዋይፋይ የሚገባበት ሥርዓት፣ የልጆችን የየዕለት እንቅስቃሴ በአንድ ሰርቨር ላይ ያከማቻል። መዳረሻው ለማሽኑ የተሰጠ እንደሆነ ግን ኔትወርኩ የሚያውቀው የማሽኑን ቁጥር ብቻ ነው። በማን ተራ ምን እንደ ተደረገ ማወቅ ሲያስፈልግ የክፍሉ የተራ መዝገብና በማሽኑ ላይ ያለው የመግቢያ መዝገብ ይበቃሉ። ተጠያቂነቱ ሳይጠፋ የሚከማቸው መረጃ ያንሳል።

9. ማጠቃለያ

በጋራ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ የዋይፋይ ይለፍ ቃል በአንድ መንገድ ወይም በሌላ ሊወጣ ይችላል፤ በቅንብር መስኮቱ፣ በፍላሽ፣ በአየር ላይ በሚደረግ ግምት ወይም ከነማሽኑ። በሮቹን አንድ በአንድ መዝጋት አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ወሳኙ ጥያቄ «ምስጢሩ ይወጣል ወይ?» ሳይሆን «ሲወጣ ምን ያህል ይዞ ይወጣል?» የሚለው ነው። የጋራ ቃል መላውን ኔትወርክ ይዞ ይወጣል፤ የተለየ ቁልፍ አንድ ማሽን ብቻ።

ሁለቱ የተለየ ማንነት የሚሰጡ መንገዶች ሲነጻጸሩም ምርጫው በአካባቢው ሁኔታ ይወሰናል። አስተማማኝ ኃይልና የሠለጠነ ባለሙያ ባለበት፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ኢኤፒ-ቲኤልኤስ ብልጫ አለው። በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በመሰል ከተሞች ባሉ ትምህርት ቤቶች ግን ሰዓት ሲዛባ የማይወድቅ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የማይቆምና አንድ መምህር ሊይዘው የሚችል አሠራር ይበልጣል፤ በሆስትኤፒዲ የሚሰጠው የተለየ ቁልፍ እነዚህን ሦስቱንም ያሟላል።

ቀጣይ ጥናት ይህን መከራከሪያ በመስክ ሊፈትነው ይገባል። ሊለኩ የሚገባቸው ነገሮችም ግልጽ ናቸው፦ ከኃይል መቋረጥ በኋላ ያለ ሰው እርዳታ የተገናኙ ማሽኖች ብዛት፣ የጠፋ ማሽን መዳረሻ እስኪዘጋ ያለፈው ጊዜ፣ እንዲሁም በመስመር መጨናነቅ ምክንያት የባከነ የክፍለ ጊዜ መጠን። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ልኬት ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል፤ የጥበቃው ዓላማ መስመሩን መዝጋት ሳይሆን ለታሰበለት ተማሪ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነውና።